ሲስተር ግማሽና የግድግዳው ኳስ

ሲስተር ግማሽ የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላት አይታወቅም። እኔ ወደ ሳንባ ሕሙማን ክፍል ተዛውሬ ስመጣ ስሙ ቀድሞኝ ነበር። ሐኪሞቹ ፊት ለፊቷ አይደፍሩትም፤ በሽተኞቹ ግን ሌላ ስም እንዳላት እንኳ ሳያውቁ ይጠሩበታል፣ እሷም አቤት ትላለች። መነሻው ግልጽ ነው። ኦክስጅን የሚወስድ ሰው አልጋ አጠገብ ቆማ የምትናገረው ይህንኑ ቃል ነበር። ግማሽ ጨምር፣ ግማሽ ቀንስ። ሻይ ሲቀዱላትም እስከ ግማሽ ነው፣ ፈቃድ ስትወጣም የቀኑን ግማሽ ነው። ባል ያላገባችው ግማሽ ባል ስላልተገኘላት ነው እያልን እንቀልድባት ነበር። ቀልዱን ሰምታ ፈገግ ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። አሁን ጡረታ ወጥታለች፤ ስሙ ግን እዚያው ክፍል ቀርቷል።

ሥራውን ላስረዳ፣ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሱ ላይ ነውና። በእያንዳንዱ አልጋ ራስጌ ግድግዳው ላይ የኦክስጅን መውጫ አለ። መውጫው ላይ ቁልፍ፣ ከቁልፉ በላይ ደግሞ በመስታወት ቱቦ ውስጥ የምትንሳፈፍ ትንሽ ኳስ አለች። ቁልፉ ሲከፈት ኳሷ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ሲዘጋ ትወርዳለች፤ ከጎኗ ያሉት መስመሮች በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚሄድ ይናገራሉ። በሽተኛው ጣት ላይ የልብስ መቆንጠጫ የመሰለች መለኪያ ትሰካና ደሙ ምን ያህል ኦክስጅን እንደያዘ በቁጥር ታሳያለች። ነርስ ቁጥሩን አይቶ ቁልፉን ያዞራል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከውጭ ላየው ሰው የቧንቧ ሠራተኛ ሥራ ይመስላል።

ጣጣው ሳንባቸው ለብዙ ዘመን የተጎዳባቸው ሰዎች ላይ ነው። ለእነሱ ማነሱም መብዛቱም ያው ጉዳት ነው። ሲያንስ ይታፈናሉ። ሲበዛ ደግሞ መውጣት ያለበት የተቃጠለ አየር ደማቸው ውስጥ ይጠራቀምና እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸዋል፤ ከዚያ እንቅልፍ ያልነቃም አለ። ስለዚህ ቁጥሩ ከሰማንያ ስምንት እንዳይወርድ፣ ከዘጠና ሁለትም እንዳያልፍ መጠበቅ አለበት። ይህን ለአስታማሚ አስረድቶ ማሳመን ግን ድንጋይ ላይ ውኃ ማፍሰስ ነው። «አየር ትሰስታላችሁ እንዴ?» ይላሉ። ነርሷ ዞር ስትል ቁልፉን ከፍተው ኳሷን ጣሪያ ያስነኳታል። ከክፋት አይደለም፣ ስለሚወዱት ነው። ሲስተር ግማሽ ዕድሜዋን የጨረሰችው ከዚህ ዓይነቱ ፍቅር ጋር ስትጣላ ነው። በክፍሉ ስታልፍ ከላይ የቆመች ኳስ ካየች፣ ከማንም ጋር እያወራች ቢሆን እጇ ሄዶ ይመልሳታል። ወሬዋን እንኳ አታቋርጥም። ብዙ ጊዜ መመለሷንም አታስታውስም።

ከመስኮቱ ሥር ያለው አልጋ የታላቅ ወንድሟ ነበር። አናጢ ነው። ዕድሜ ልኩን የመጋዝ ብናኝና የቫርኒሽ ሽታ ሲምግ የኖረ፣ ያም አልበቃ ብሎት ሲጋራውን ከአፉ ያልነጠለ ሰው ነው። ወላጆቻቸው በጊዜ ስለሞቱ ያሳደጋት እሱ ነው። ትምህርት ቤት ሲወስዳት ዋናውን መንገድ እጇን ጨምድዶ ይዞ ያሻግራት ነበር፤ አያያዙ ስለሚያማት ታለቅስ እንደነበር ራሱ ነው የነገረኝ። እሷን አስተምሮ፣ ነርስ አድርጎ፣ እሱ ሳንባውን እዚያው ወርክሾፕ ውስጥ ጨረሰው። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል መግባትና መውጣት ሆነ ኑሮው።

አንድ ጊዜ ሌላ ክፍል ተኝቶ ሳለ ሊጠይቀው የመጣ የሥራ ባልደረባው አንጀቱ አልችል ብሎ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ከፍቶለት ሄደ። ሲስተር ግማሽ ስትደርስ ወንድሟ ቢጠሩት አይሰማ፣ ቢነቀንቁት አይነቃ። «ቁጥሩ ሲያዩት ያማረ ነበር» አለችኝ፣ «ዘጠና ዘጠኝ። ወንድሜ ግን አልነበረም።» በስንት መከራ መለሱት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ እምነት ያዘች፤ እጇ ከዚያ ቁልፍ ላይ ከተነሳ ወንድሟን ታጣዋለች። ይህን በምሳሌ አይደለም የምትናገረው። ልክ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው፣ ረጋ ብላ ነው የምትለው።

በክፍላችን ደንብ ነርስ የገዛ ዘመዱን አያክምም። ስለዚህ የመስኮቱ አልጋ የእኔ ነበር ማለት ነው። እኔ መድኃኒቱን እሰጣለሁ፣ ደሙን እቀዳለሁ፤ ቁልፉን የሚነካ ግን ይሞክርና ይየው። ተራዋ ሲያልቅ ወደ ቤቷ አትሄድም። የሥራ ልብሷን ትቀይርና እዚያው አልጋው ጎን ያለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ከስታ ቀሚሷ ላይዋ ላይ ይዋልል ነበር። ስትመጣ በመጀመሪያ የምታየው ኳሷን ነው፣ ቀጥሎ ቁጥሩን፣ ከዚያ በኋላ ጊዜ ከተረፋት ወንድሟን።

«አንቺ ልጅ» አላት አንድ ቀን፣ «እንዴት አደርክ የምትዪው እኔን ነው ግድግዳውን?»

«አንተማ አፍ አለህ፣ ስትታመም ትናገራለህ። ጣትህን አምጣ።»

«ጣቴን ወስደሽ ቤትሽ አስቀምጪው እንግዲህ፤ እኔን ለምን ትቀሰቅሺኛለሽ?»

እሷ መለኪያዋን ከመስካቷ በፊት ጣቱን በመዳፏ ታሻሻለች፣ የቀዘቀዘ ጣት ቁጥሩን ያሳስታልና። አሻሽታ፣ ሰክታ፣ አይታ፣ ግማሽ ሊትር ጨምራ ወይ ቀንሳ ትቀመጣለች። ሌላ ወሬ የላቸውም ነበር። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር። ሰው ወንድሙ አጠገብ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ስለ ቁልፍ ብቻ ያወራል?

ማሽኖቹ የመጡት በዚህ መሐል ነው። አመድማ፣ የእጅ ቦርሳ የምታክል ሣጥን፣ በአንድ በኩል ከግድግዳው ኦክስጅን የምትቀበል፣ በሌላው በኩል ለበሽተኛው የምትሰጥ። የጣቱን ቁጥር ያለማቋረጥ ታያለች፤ ሲወርድ ራሷ ትጨምራለች፣ ሲወጣ ራሷ ትቀንሳለች። ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ወጣት ናት፣ ስትናገር አትጣደፍም። «ማሽኑ ይሻላል ብዬ አልመጣሁም፤ ይሻል እንደሆነ ለማየት ነው የመጣሁት» አለችን። ፈቃደኛ ከሆኑት በሽተኞች እኩሌቶቹ በማሽን፣ እኩሌቶቹ እንደ ወትሮው በነርስ እጅ ይታያሉ፤ ለማን የትኛው እንደሚደርሰው በዕጣ ይለያል።

«ግማሽ በግማሽ ነው ሲስተር፣ ደስ ይበልሽ እንጂ!» አልኳት። ፊቷ ቅጭም እንዳለ ቀረ።

ዶክተሯ ደጋግማ ያስጠነቀቀችን አንድ ነገር ነበር። ማሽን የተገጠመለት አልጋ የግድግዳው ቁልፍ እስከ መጨረሻው ይከፈትና በዚያው ይተዋል። ኳሷ ከላይ ትቁም። ማሽኑ ከዚያ የሚያስፈልገውን ብቻ ይወስዳል፤ ቁልፉን ከቀነሱበት ግን ግፊቱ ይወድቃል፤ በቀጥታ ቱቦ ለሰው የሚበቃው መጠን እንኳ በማሽኑ አልፎ ለበሽተኛው አይደርስም። ሥልጠናው ሲያልቅ ዶክተሯ ስትጠይቀን ከሁላችንም አጥርታ የመለሰችው ሲስተር ግማሽ ነበረች። ስትመልስ መራራ መድኃኒት የዋጠች ትመስል ነበር።

ወንድሟን እምቢ እንዲል ለመነችው። እኔ እዚያው ቆሜ የክንዱን መርፌ አስተካክል ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ አልፈልግም በላቸው። ማሽን ነው፣ አያውቅህም።»

«አንቺ ታውቂኛለሽ። ይኸው ስታውቂኝ ስንት ጊዜ እንቅልፌን ነጠቅሽኝ።»

«ሰለቸሁህ ማለት ነው?»

«መተኛት አማረኝ ነው የምልሽ።»

ዕጣው ሲወጣ ማሽን ደረሰው። ቴፕ ቆርጬ ሣጥኗን ራስጌው ላይ ያሰርኳት እኔ ነኝ፤ ቁልፉን እስከ መጨረሻው የከፈትኩትም እኔ ነኝ። ሲስተር ግማሽ ኳሷ እየተንቀጠቀጠች ሽቅብ ወጥታ ጣሪያዋን ስትነካ አየችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያለ አድልዎ ልናገር። ማሽኑ ሠራ። የመስኮቱ አልጋ ቁጥር በሚፈለገው መሐል እየዋለ ያድር ጀመር፤ ሰውየውም አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። በእጅ የሚታዩት አልጋዎችም ደህና ነበሩ፣ ግን እጅ ምሳ ይበላል፣ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ ሌላ በሽተኛ ይጠራዋል፤ ተመልሶ እስኪመጣ ቁጥሩ የወደደውን ያደርጋል። ማሽኑም ጉድለት አላጣም። ጠዋት ጠዋት የአናጢው ጣት ሲቀዘቅዝ ማንበብ ያቅተውና መጮህ ይጀምራል። «ያው እጅ አማረው» ትላለች ሲስተር ግማሽ። ጣቱን አሻሽታ ዝም ታሰኘዋለች። የቀረላት ሥራ እሱ ብቻ ነበር። የቀረውን ጊዜ ወንበሯ ላይ ሆና የታጠፈ ፎጣ ትዘረጋለች፣ የዘረጋችውን መልሳ ታጥፋለች። ዓይኗ ከኳሷ ላይ አይነሳም።

ነገሩ የተበላሸው በጠያቂ ሰዓት ነው። ክፍሉ በሰው ጢም ብሏል፤ ፌስታል ያንጠለጠለ ሁሉ የዘመዱን አልጋ ይፈልጋል። እኔና ሲስተር ግማሽ በሚቀጥለው ሳምንት ማን በየትኛው ተራ እንደሚገባ እየተከራከርን በአልጋዎቹ ራስጌ በኩል አለፍን። እሷ ከፊት ነበረች። በመስኮቱ አልጋና በግድግዳው መካከል ተሽሎክልካ ወጣች፣ እኔም ተከተልኳት። ስለ ቅዳሜ ተራ ነበር የምትነግረኝ፤ ቃሏ አንዲት ጊዜ እንኳ አልተቋረጠም።

ጥቂት ቆይቶ ማሽኑ ጮኸ። የቀዘቀዘ ጣት መስሎኝ ቀስ ብዬ ሄድኩ። ጣቱ ሞቃት ነበር። ሰውየው የአልጋውን ብረት በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል፤ ትከሻው ይወጣል ይወርዳል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ቁጥሩ ሰማንያን አልፎ ቁልቁል ይወርዳል። ማሽኑ ጨምሩ ጨምሩ ይላል፣ መስጠት የሚችለው መጨረሻ ላይ መድረሱንም ያሳያል፤ ለበሽተኛው ግን ጠብ የሚል ነገር የለም።

ሲስተር ግማሽ ከየት እንደመጣች አላየሁም። ገፍታኝ ገባች። ከወንድሟ አፍንጫ የሚመጣውን ቱቦ ከማሽኑ ነቅላ፣ አልጋው ጎን ለክፉ ቀን የቆመችው ሲሊንደር ላይ ሰካች። ከፈተች፣ ቁጥሩን አየች፣ ግማሽ ጨመረች፣ ጠበቀች፣ እንደገና ግማሽ። «ቀስ በል ወንድም ጋሼ፣ በአፍንጫህ ሳብ፣ አለሁ።» ቁጥሩ ተንፏቆ ተንፏቆ ወጣ። ሰውየው ትራሱ ላይ ወደቀና ዓይኑን ጨፈነ፤ ደረቱ ረጋ።

ያኔ ዞር አለችብን። «አላልኳችሁም?» አለች። ጮክ ብላ ነው፤ ጠያቂው ሁሉ ሰማ። «ማሽን አያውቀውም አላልኳችሁም?»

ዶክተሯ ሮጣ ደርሳ ነበር። ፊቷ አመድ መስሏል። ማሽኗን አገላብጣ አየች፣ ምንም አላገኘችባትም። «እንንቀላት» አለችኝ። «ምክንያቱ እስኪታወቅ የሌሎቹም ይነቀላሉ። ጥናቱ ይቆማል።» ከጎን ያለው አልጋ ላይ እንዲህ ባለ ማሽን ተኝተው የነበሩ አዛውንት ነቅተው የእኛን ፊት በየተራ ያያሉ። እኔ ቴፑን መላጥ ጀመርኩ። ሲስተር ግማሽ የግድግዳውን ቁልፍ ልትዘጋ እጇን ዘረጋች፤ ሳትነካው ቆመች።

እኔም ቀና ብዬ አየሁ። ኳሷ ከላይ አልነበረችም። አንድ ሊትር ተኩል ላይ፣ መስመሩን ለሁለት ከፍላው ቆማለች። ማሽን ከመምጣቱ በፊት ለወንድሟ የምትሰጠው ልክ ያ ነበር። ከእኛ ውስጥ ኳስን እንዲህ መስመር ላይ የሚያቆም የለም፤ እኛ እዚያው አካባቢ ከሆነች ይበቃናል። ጠያቂ ቢነካው ደግሞ ይከፍተዋል እንጂ አይቀንሰውም። የእጅ ጽሕፈቷን ያየሁ ያህል ነው የታወቀኝ።

አልተናገርኩም። ለእሷ አዝኜ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ምን እንደምታደርግ ለማየት ነበር ዝም ያልኩት። ቁልፉን ብትዘጋው ኳሷ እስከ ታች ትወርዳለች፤ ያየሁት ነገር እንዳልነበረ ይሆናል። ማሽኑ ጥፋተኛ ተብሎ በመጣበት ይመለሳል፣ ወንድሟም ተመልሶ እጇ ውስጥ ይገባል። ከዚህ ሌላ የምትፈልገው ነገር አልነበራትም። እጇ አየር ላይ እንደተዘረጋ ቆየ።

«ዶክተር» አለች በመጨረሻ፣ «አይንቀሉት።»

«ምን አሉ ሲስተር?»

«ማሽኑ ምንም አላጠፋም። ኳሷን ይዩዋት። የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ዶክተሯ ኳሷን አየች፣ ሲስተር ግማሽን አየች። «እርስዎ? መቼ?»

«ሳልፍ ይመስለኛል። አላስታውሰውም። ከላይ ቆማ አይቻት ይሆናል።» እጇን አወረደችና በሌላው እጇ ያዘችው። «እጄ ነው።»

አናጢው ዓይኑን አልከፈተም፣ መስማቱን ግን ከቅንድቡ አወቅሁ።

ዶክተሯ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ከፈተችው፣ ማሽኑን አስነስታ ቱቦውን መለሰችለት። ቁጥሩ ዘጠና ላይ ገብቶ ተቀመጠ። ሲስተር ግማሽ ይህን አይታ ወጣች። ሳጣት ፈልጌ ያገኘኋት አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነው። መደርደሪያው ላይ ግንባሯን ደግፋ ታለቅሳለች፤ እንደ ሕፃን፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ብዙ ዓመት አብረን ስንሠራ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።

«ከሰው ሁሉ ጠበቅሁት» አለች ዞር ሳትል። «ከእጄ አልጠበቅሁትም።»

«ድኗል እኮ ሲስተር።»

«ባይድንስ? ማሽኑ ነው ብዬ እቀብረው ነበር።»

አንዲት ፎጣ አውርጄ ሰጠኋት። ፊቷን ጠርጋ፣ አጥፋ፣ ቦታዋ መለሰቻት። ከዚያ ወደ ክፍሉ ገብታ ከትሪው ላይ ነጭ ፕላስተር አነሳች፤ የመስኮቱን አልጋ ቁልፍ የማንም እጅ እንዳያዞረው አንድ ጊዜ በቁም አንድ ጊዜ በአግድም ለጠፈችበት። ማሽን ያለበትን አልጋ ሁሉ እየዞረች እንዲሁ አደረገች። ዶክተሯ ቆማ ታያት ነበር፣ አላስቆመቻትም። ጥናቱም አልቆመም። ሲስተር ግማሽ ቦርሳዋን አንስታ፣ ገና ፀሐይ ሳይበርድ፣ ወደ ቤቷ ሄደች።

«ሄደች?» አለኝ አናጢው።

«አዎ ጋሼ፣ ሄደች።»

«ትተኛ ይሆን?»

«ትተኛለች፣ ደክሟታል።»

«ተመስገን» አለ። ትንፋሹን ሰብስቦ ጨመረ። «እኔማ ምን እንቅልፍ አጣሁ? ስታሻሸኝም እኮ እተኛለሁ። እሷ ናት ያልተኛችው። ይሄን ሣጥን እሺ ያልኩት ለሌላ መስሎሃል?»

በማግስቱ ጠዋት መድኃኒት ሳድል መጣች። ፀጉሯን ተሠርታለች፣ ዓይኗ ሥር የነበረው ጥቁረት ለቀቅ ብሏል። የወንድሟ ጣት ቀዝቅዞ ማሽኑ ይጮሃል። በግድግዳው በኩል አልገባችም፤ በግርጌ ዞራ መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ቀና ብላ ኳሷን አላየችም። ትከሻው ላይ ጎንበስ ብላ ሳመችው።

«ወንድም ጋሼ፣ እንዴት አደርክ?»

አናጢው ዓይኑን ገለጠና ግድግዳውን አየ፤ ቀጥሎ እሷን አየ።

«ዛሬ ግድግዳው ምን አጠፋ?» አላት።

ሳቀች። ማዶ ያሉት በሽተኞች አንገታቸውን አቀኑ። ወንበሯን ወደ አልጋው ሳብ አድርጋ ተቀመጠችና የቀዘቀዘውን እጁን በሁለት መዳፏ መሐል አስገብታ ታሻሽ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ማሽኑ ቁጥሩን አገኘና ዝም አለ። እኔ መድኃኒቴን አድዬ እስክመለስ እጁን አልለቀቀችውም።